ፈንግል አጥር አያውቅም
(ስለ ጓሮ ዶሮና ስለ ጓሮ አትክልት በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ስብሰባ ላይ ስለ ዶሮና ስለ ጓሮ አትክልት ጥቂት እንድንናገር ኮሚቴው በጠየቀን ጊዜ በመጀመሪያ ነገሩ አስቆን ነበር። እድር የቆመው ለኀዘን ነው፤ ድንኳን ለመትከል፣ ንፍሮ ለመቀቀል፣ አስከሬን ለመሸኘት ነው፤ ታዲያ ዶሮ እዚህ ውስጥ ምን ዶላት? ብለን ነበር። ኋላ ስናስበው ግን ነገሩ እንዲያውም የእድር ነገር ሆኖ አገኘነው። ለምን እንደ ሆነ በንግግራችን መጨረሻ እናንተው ትፈርዱታላችሁ።

እኛ የምንናገረው ተምረን ያወቅነውን አይደለም፤ ከስረን ያወቅነውን ነው። እንደምታውቁት በከተማችን በመተማ ዮሐንስ ዳር ዳሩን የምንኖር ሰዎች ጓሮ አለን፤ ጓሮው ግን ለብዙዎቻችን የእንጨት መከመሪያ ነው። የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ስለ እንቁላልና ስለ ወተት፣ ስለ ዶሮና ስለ ማር የማይናገር የለም። መልካም ነው። ነገር ግን «ዶሮ አርቡ» ሲባል ሁላችንም መጀመሪያ የምናደርገው ዶሮ መግዛት ነው። ስሕተቱ የሚጀምረውም እዚያው ላይ ነው።

እኛ ሦስት ጎረቤታሞች በ2014 ዓ.ም. ገንዘብ አዋጥተን 30 ቄብ ከደጋ አስመጣን። የፈረንጅ ዘር ናቸው፣ በዓመት ይህን ያህል እንቁላል ይጥላሉ ተብሎ ተነግሮን ልባችን ሞቋል። ያስመጣንበት ወር መጋቢት ነው። በአዘዞ፣ በአይከል፣ በሸኸዲ አድርገው በቀትር በጭነት መኪና ሲወርዱ 3ቱ መንገድ ላይ ሞቱ። የተቀሩትን በቆርቆሮ ክዳን፣ በቆርቆሮ ግድግዳ በሠራንላቸው ቤት አስገባናቸው። ቤቱ ሲያዩት ያምራል፤ ግን ምጣድ ነው። በአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ 5 ሞቱብን። ቀሩ 22።

ፋሲካ ሲደርስ ለበዓሉ 3 አውራ ዶሮ ከገበያ ገዛንና እስከ እሑድ ድረስ ብለን ከቄቦቹ ጋር ዘጋንባቸው። እሑድ አርደን በላን። በሳምንቱ ቄቦቹ ማንቀላፋት ጀመሩ፤ ላባቸው ቆመ፤ አረንጓዴ አስቀመጣቸው፤ ጥቂቶቹ አንገታቸው ተጠመዘዘ። በስድስት ቀን ውስጥ 20ዎቹ አለቁ። ይህ ፈንግል ነው።

እስከዚህ ድረስ የራሳችን ኪሳራ ነው፤ ምን ይደረግ። የከፋው የሚከተለው ነው። የሞቱትን ዶሮዎች አልቀበርናቸውም፤ ከአጥራችን ጀርባ ፈፋው ውስጥ ጣልናቸው። ለጎረቤትም አልተናገርንም፤ ነገሩ አሳፍሮናል። ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ግን አንዲት እናት አሉ፤ የእድራችን አባል ናቸው፤ ይህንንም እንድንናገር ፈቃዳቸውን ጠይቀን ሰጥተውናል። 9 የአገር ዶሮ ነበራቸው። ከእንቁላሉ ሽያጭ የልጅ ልጆቻቸውን ደብተርና ሳሙና ይገዙ ነበር። ዶሮዎቻቸው ፈፋው ውስጥ ሲጭሩ ዋሉ፤ በሁለት ሳምንት 8ቱ ሞቱ። የተረፈችው አንዲት መላጣ ናት። በኅዳር 8 ቄብ ገዝተን ስናስረክባቸው፣ ዶሮውን መልሳችሁልኛል፣ የዚያን ክረምት እንቁላል ግን የሚመልስልኝ የለም አሉን። መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የተማርነውን በየተራው እንናገራለን።

አንደኛው ነገር ሙቀት ነው። የእኛ አገር ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ናት፤ ጎንደር ግን ከ2000 ሜትር በላይ ናት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ እዚህ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ዶሮ ላብ የላትም። እኛ ሲሞቀን ያልበናል፤ እርሷ ግን አፏን ከፍታ ከማለክለክና ክንፏን ከገላዋ ከማራቅ በቀር ሌላ መብረጃ የላትም። የዶሮ ገላ በጤናዋ 41 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ አየሩ 40 ሲደርስ ሙቀቷን የምታወጣበት ታጣለች። ይህን ያልተረዳ ሰው ዶሮዬን ሰው ዓይን በላት ይላል።

ስለዚህ ከዶሮው በፊት ጥላው ይቅደም። ቤቱ በሣር ይከደን፤ ራኩባ እንደምንሠራው ማለት ነው። ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ጭቃ ይሁን፤ ከዚያ በላይ የሽቦ ወንፊት ወይም ጠበቅ ብሎ የተሠራ የቀርከሃ ፍርግርግ ይሁንና ነፋስ ይለፍበት። የቤቱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፤ እንዲህ ሲሆን የጠዋቱም የማታውም ፀሐይ በአጭሩ ጎን ብቻ ነው የሚመታው። አንድ የኒም ዛፍ አጠገቡ ካለ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። ለ10 ዶሮ ከ3 ካሬ ሜትር ያላነሰ ስፋት ያስፈልጋል፤ በሙቀት አገር ማጨናነቅ መግደል ነው። ቆጥ ይሠራላቸው፤ ማታ በሩ ይዘጋ፤ ሽለምጥማጥና እባብ የሚመጡት በሌሊት ነውና።

ውኃ ደግሞ አለ። አንዲት ዶሮ በደህናው ቀን ሩብ ሊትር ገደማ ትጠጣለች፤ በሙቀቱ ወራት እጥፉን ትፈልጋለች። 10 ዶሮ ያለው ሰው 5 ሊትር ያዘጋጅ ማለት ነው። ውኃው ከዚር የተቀዳ ቀዝቃዛ ይሁን፤ በጥላ ይቀመጥ፤ በቀን ሦስት ጊዜ ይለወጥ። እዚህ ላይ አንድ አደራ አለን። በሰሊጥና በጥጥ እርሻችን የተባይ መድኃኒት የመጣበትን ጀሪካን አጥቦ ለዶሮ ውኃ ማድረግ አይገባም። ታጥቦ አይወጣም። ለዶሮ ቅማልም ቢሆን የእርሻ መድኃኒት አትርጩ፤ አመድና አሸዋ ቀላቅላችሁ በጥላ ሥር ጉድጓድ ብትሞሉላት ራሷ ተንከባልላ ትታጠብበታለች።

ሁለተኛው ነገር የትኛዋ ዶሮ? የሚለው ነው። የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ የተሻሻለችው በደንብ ከተያዘች ከ250 በላይ ትጥላለች። ይህን የሰማ ሁሉ ወደ ተሻሻለችው ይሮጣል። ነገር ግን «በደንብ ከተያዘች» የምትለዋን ቃል ማንም አይሰማትም። የተሻሻለችው በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ መኖ ትበላለች፤ ሙቀት አትችልም፤ አትታቀፍም። የአገሯ ግን ጭራ ታገኛለች፤ ምስጥ ለቅማ ትበላለች፤ ራሷ ታቅፋ በ21 ቀን ትፈለፍላለች። በተለይ መላጣ የምንላት አንገቷ ላባ የሌለባት ሙቀቷን በአንገቷ ስለምታወጣ ለቆላ የተፈጠረች ናት። የጎረቤታችን መላጣ ከፈንግል መትረፏ ግን ዕድል ነው እንጂ መላጣን ፈንግል አይዛትም ማለት አይደለም፤ ይህ እንዳይምታታ።

ለጀማሪ የምንመክረው በ5 የአገር ዶሮና በአንድ አውራ እንዲጀምር ነው። ዓመት ሙሉ ሳይሞቱበት ከያዘ በኋላ የተሻሻሉትን ይጨምር። ለማስታቀፍ ጥቅምትና ኅዳር ጥሩ ነው፤ ጫጩቶቹ በብርዱ ወራት ያድጋሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ አታስታቅፉ። እንቁላሉ በሙቀቱ ከእናቱ በፊት ሽል መሥራት ይጀምርና መሐል ላይ ይበላሻል። የሚታቀፈውን እንቁላል በየቀኑ ሰብስባችሁ በእርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠ ገንቦ ውስጥ አኑሩት፤ ከሳምንት በላይም አታቆዩት።

ሦስተኛው ነገር መኖ ነው። እኛ ሰሊጥ አገር ነን፤ ፋጉሎውን ሌላው ሲፈልገው እኛ አጠገብ ነው ያለው። በቤት የምንቀላቅለው ለ10 ኪሎ እንዲህ ነው። ነጭ ማሽላ ተከክቶ 5 ኪሎ፣ ፍሩሽካ 2 ኪሎ፣ የሰሊጥ ፋጉሎ 1 ኪሎ ተኩል፣ ተቆልቶ የተከካ አኩሪ አተር 1 ኪሎ፣ ለመኖ የሚሸጥ የተፈጨ ኖራ ድንጋይ ግማሽ ኪሎ፣ ጨው 30 ግራም። አኩሪ አተሩ ሳይቆላ ከተሰጠ ይጎዳታል። ኖራውም የመኖው እንጂ የግድግዳ መለሰኛው አይደለም፤ እርሱ ያቃጥላል። በጎን ደግሞ የእንቁላል ቅርፊት ተቆልቶና ደቆ በዕቃ ይቀመጥላት፤ ሳይደቅ ከተሰጣት እንቁላሏን መብላት ትለምዳለች። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ለከብት እንጂ ለዶሮ አይሆንም፤ አስኳሉን ያበላሻል፣ ሲበዛም ይጎዳታል። የሻገተ እህልም «ለዶሮ ይሁን» አይባልም፤ የሻጋታው መርዝ ይገድላታል። መኖውን ጎህ ሲቀድና ማታ ስጧት፤ በቀትር የበላች ዶሮ ከውስጥም ከውጭም ትሞቃለች።

አራተኛው ነገር፣ የመጣንበት ዋናው ነገር፣ ፈንግል ነው። ፈረንጆቹ ኒውካስል የሚሉት በሽታ ነው። በእነሱ አቆጣጠር በ1926 በእንግሊዝ አገር ኒውካስል በተባለች ከተማ አጠገብ፣ በዚያው ዓመት ደግሞ በኢንዶኔዢያ በጃቫ ደሴት ታወቀና ስሙ በከተማዪቱ ቀረ። ከያዛት በኋላ መድኃኒት የለውም። ነጭ ሽንኩርትም፣ በርበሬም፣ የሰው ኪኒንም አያድናትም፤ ሁሉንም ሞክረነዋል። ያለው መከላከያ ክትባት ብቻ ነው።

ክትባቱን በቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ከሠራው ዓመታት አልፈዋል። ከዓይነቶቹ አንዱ አይ ቱ ይባላል፤ በአውስትራሊያ የተገኘ ሲሆን ሙቀት ስለሚችል ማቀዝቀዣ ባልተስፋፋባቸው መንደሮች በታንዛኒያም በሞዛምቢክም በቬትናምም ይሠሩበታል። ለእኛ ዓይነቱ አገር የሚመች ይኸ ነው። ሙቀት ይችላል ማለት ግን ፀሐይ ላይ ይሰጣል ማለት አይደለም፤ በጥላና በቀዝቃዛ ይያዛል። የሚሰጠው በዓይኗ አንዲት ጠብታ ነው። ሰውነቷ እስኪዘጋጅ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ኃይሉም በአራት ወር ይደክማልና ይደገማል። የታመመችውን አያድናትም፤ ጤነኛዋን ይጠብቃታል።

ታዲያ ለምን አናስከትብም? ብትሉ ምክንያቱ ይህ ነው። ጠርሙሱ የሚሞላው ለብዙ ዶሮ ታስቦ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። 6 ዶሮ ያለው ሰው አንድ ጠርሙስ ገዝቶ 6 ጠብታ ተጠቅሞ የተረፈውን ይደፋል? አያደርገውም። የእንስሳት ጤና ባለሙያውም ለ6 ዶሮ ብሎ ከቤት ቤት ሊዞር አይችልም። እያንዳንዳችን ብቻችንን ስንሆን ክትባቱ ውድ ነው፤ አንድ ላይ ስንሆን ግን ርካሽ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። እኔ የራሴን አስከትቤያለሁ፤ የጎረቤቴ ምን አገባኝ? የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። አገራችን የመንገድ አገር ናት። ከደጋም ከሱዳን በኩልም ሰውና ዕቃ ይገናኝባታል፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ስንት ሕዝብ በዚህ በኩል እንደ ተሻገረ ዓይናችን አይቷል። ገበያችን ላይ የሚቀመጥ ዶሮ ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ የለም። በሽታው በጫማ ይመጣል፤ በቅርጫት ይመጣል፤ ለበዓል ተገዝቶ በሚንጠለጠል አውራ ዶሮ ይመጣል። ያልተከተበ አንድ ግቢ መሐላችን ካለ እሳቱ ከዚያ ይነሣል፤ ጫጩቶቻችንና ክትባታቸው ያለፈባቸው ይቃጠላሉ። ፈንግል አጥር አያውቅም፤ እኛ የዚያችን እናት ጓሮ ያቃጠልነው ሳንሻገር ነው።

አሁን ወደ አትክልቱ እንምጣ፤ ከዶሮው ጋር የተያያዘ ነውና ባጭሩ እንናገራለን። የደጋ ዘመዶቻችንን አይተን ቲማቲም በየካቲት የምንተክል ሰዎች ነበርን፤ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ አበባው ግን ይረግፋል። ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሌሊቱም ሳይበርድ ሲቀር የቲማቲም አበባ ፍሬ አይቋጥርም። ስለዚህ ችግኙ በመስከረም ይፍላ፣ በጥቅምት ይዛወር፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ያብባል። ሽንኩርት፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ካሮትም የእነዚያ ወራት ናቸው። በክረምት ባሚያና ዱባ፤ በሙቀቱ ወራት የሚጸናው ባሚያና ሽፈራው ነው። የተረፈውን ባሚያ አድርቃችሁ ወይካ አድርጉት፤ ይህን የሚያውቁ እናቶች መሐላችን ሞልተዋል።

አፈራችን ዋልካ ነው፤ በክረምት ይረግጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በክረምት መደቡን ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ፣ በበጋ ደግሞ ዝቅ አድርጉት። የዶሮ ኩስ ጥሩ ማዳበሪያ ነው፤ ግን ትኩሱን ችግኝ ሥር ካደረጋችሁት ያቃጥለዋል፤ በሽታም ወደ ሰላጣ ያስገባል። ከጭድና ከማሽላ አገዳ ጋር ከምራችሁ፣ አርጥባችሁ፣ እያገላበጣችሁ ሦስት ወር አቆዩት። ክምሩ ከቤት ግድግዳ ይራቅ፤ ምስጥ ይጠራልና። ውኃም በየጓሮው እንዳይቋጥር፤ የዶሮውንም የአትክልቱንም ዕቃ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ገልብጡት። የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር ከሳምንት ብዙም አትዘገይም። ለአትክልት ብለን ወባ እንዳናረባ!

ዶሮውም ከአትክልቱ ይታጠር። ዶሮ የጎረቤት መደብ ጭራ ስንት ጎረቤት አጣልታለች! አጥሩን ማጠር ያለበት ዶሮ ያለው ሰው ነው እንጂ ጎመን ያለው ሰው አይደለም፤ በዚህ ላይ የኛ አሳብ ይህ ነው።

በመጨረሻ ለጉባኤው የምናቀርበው አሳብ ሦስት ነው።

አንደኛ፤ የእድራችን አባሎች ዶሮ ሁሉ፣ ክርስቲያን እስላም ሳይባል፣ በዓመት ሦስት ቀን አንድ ላይ ይከተብ። ቀኑ ኅዳር 1፣ መጋቢት 1 እና ሐምሌ 1 ይሁን። በየአራት ወሩ ይሆናል፤ ገናም ፋሲካም ዘመን መለወጫም ሳይደርስ ዶሮው ተዘጋጅቶ ይቆያል። ባለሙያ እንዲመደብልን ለወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ኮሚቴው ደብዳቤ ይጻፍልን። ዶሮ ያለው ቤት እንደ ዶሮው ቁጥር ያዋጣ፤ ባላቸው የሞተባቸው እናቶች ግን እንዳያዋጡ እንጠይቃለን።

ሁለተኛ፤ ለበዓል የተገዛ ዶሮ ከቤት ዶሮ ጋር አይዋል፣ አይደር። ለብቻው ታስሮ ይቆይ፤ ሲታረድ ላባውና ሆድ ዕቃው ይቀበር። ለማርባት የተገዛ ደግሞ 14 ቀን ለብቻው ይቆይ።

ሦስተኛ፤ ዶሮ የሞተበት ሰው በዚያው ቀን ለጎረቤቱ ይናገር፤ የሞተውንም ጥልቅ አድርጎ ይቅበር። አይሸጥ፣ ለውሻ አይጣል፣ ፈፋ ውስጥ አይወርወር። እኛ እድርተኞች ነን፤ መቅበር እንዴት ይቸግረናል? አሳፋሪው ዶሮ መሞቱ አይደለም፤ ደብቆ መያዙ ነው።

ከዚህም ጋር እያንዳንዱ ሰው አንድ ደብተር ይያዝ። ስንት ዶሮ፣ ስንት እንቁላል፣ ስንት ብር መኖ፣ የተከተበበት ቀን፣ የሞተ ካለ ምክንያቱ። ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ሰዎች ነንና ልማድ አስገድዶን አይደለም፤ በ2014 ደብተር ይዘን ቢሆን ኖሮ የፋሲካውን ዶሮ ካስገባንበት ቀን እስከ መጀመሪያው ሞት ያለውን ቆጥረን ነገሩን እንነቃበት ነበር፤ ለጎረቤታችንም በጊዜ እንደርስላት ነበር።

እድር ማለት የአንዱ ሞት የሁሉም ነው ማለት ነው። ሰው ሲሞት ይህን ሳንማር እናውቀዋለን። በጓሯችን ላይ ግን እያንዳንዳችን ለየብቻችን ነን ብለን እናስባለን፤ ፈንግል ያስተማረን እንዳልሆንን ነው። ሰው ከሞተ በኋላ የምናዋጣውን ያህል፣ ሳይሞት በቤቱ እንቁላል እንዲኖር ጥቂት ብናዋጣ እድራችን አይቀልም፤ ይከብራል እንጂ።

 እግዚአብሔር የሞቱብንን ነፍስ ይማር፤ ያለነውንም ለከርሞ በሰላም ያገናኘን።